ቀላልነት ለማን?

በአማርኛችን «ቀላል» የሚባለው ቃል ዕድለ ቢስ ነው። «እገሌ ቀላል ሰው አይደለም» ስንል ማመስገናችን ነው። «እገሌ ቀለለ» ስንል ደግሞ አፉን አልሰበሰበም፣ ክብሩን ጣለ፣ የማይሆን ቦታ ተገኘ ማለታችን ነው። ልጃችንን «ከበደ» ብለን እንሰይማለን፤ ልጁን «ቀለለ» ብሎ ክርስትና ያስነሳ አባት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ክብደት ክብር፣ ቅለት ውርደት! በእንዲህ ያለ ቋንቋ አድጎ «ስለ ቀላልነት ልጻፍ» የሚል ሰው ገና ሳይጀምር ራሱን አቀለለ ማለት ነው። ግዴለም፣ ልቅለል።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ወደ ሰቆጣ ለመሄድ ልብሴን ስሸክፍ የእህቴ ልጅ መጣች። ግራፊክ ዲዛይነር ናት፤ አርማ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የዕቃ መጠቅለያ... እንዲህ እንዲህ ያለውን ትሠራለች። ከቦርሳዋ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ፣

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ታነባታለህ» አለችኝ።

«ስለ ምን ናት?»

«ስለ ቀላልነት። አንተ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት አንቀጽ ስለምትዞር ትጠቅምሃለች።»

ለስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በገዛ እህቱ ልጅ እንዲህ ይባላል! ዋጥ አድርጌ ተቀበልኳት።

መጽሐፏ ጆን ማይዳ የተባለ አሜሪካዊ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተማት «የቀላልነት ሕጎች» ናት። ሰውየው ያኔ ኤም አይ ቲ የሚያስተምር፣ የኮምፒዩተርም የሥዕልም ሰው ነበር። መጽሐፏ መቶ ገጽ፣ ሕጎቿ አሥር ናቸው። እያሰቡ መቀነስ፣ ማደራጀት፣ ጊዜ ማትረፍ፣ ማወቅ፣ ቀላሉን ከውስብስቡ ጎን አስቀምጦ ማየት፣ ዙሪያ ገባውን አለመርሳት፣ ስሜትን አለመናቅ፣ መተማመን፣ አንዳንድ ነገር ፈጽሞ እንደማይቀል መቀበል... አሥረኛው ሕግ ዘጠኙን ይጠቀልላል፤ ባይነገርም የሚታወቀው ይውጣ፣ ትርጉም ያለው ይግባ ነው ነገሩ። ደራሲው ሕጎቹን ለማስታወስ እንዲያመች «ሺ»፣ «ብሬን»፣ «ስሊፕ» እያለ የቃላት መነሻ ፊደላትን ይገጣጥማል። ስለ ቀላልነት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ይሄ ሁሉ ምሕጻረ ቃል ምን ይሠራል? ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ዳሩ ግን የባሰ የሳቅሁት በራሳችን ቤት ነው።

እስቲ ሳሎናችንን አስቡት። ግድግዳውን የያዘ ቡፌ አለ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ ተደርድሯል። ብርጭቆው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን «እንዳይሰበር» ተብሎ ከጓዳ ሌላ ብርጭቆ ይወጣል። ሶፋው የመጣበት ላስቲክ ሳይወልቅለት ያረጃል። ዳንቴሉ ጠረጴዛውን ይሸፍናል፤ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ቤቱ ለሚኖርበት ሰው ሳይሆን አልፎ አልፎ ለሚያየው ሰው የተሠራ ነው። እዚያው ጥግ ረከቦት አጠገብ የተቀመጠችውን ጀበና ደግሞ ተመልከቱ። ሆዷ ለማፍላት፣ አንገቷ ዝቃጩን ለማስቀረት፣ እጀታዋ እንዳያቃጥል... አንዲት ትርፍ ነገር የለባትም። ንድፏን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ያወጣው ሰው ግን አሥሩንም ሕግ ሳያነብ የሚያውቅ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከማይዳ ጋር ተስማምተን ነበር የምንጓዘው። ከአላማጣ ሜዳ በግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ኮረም ወጥተን ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ግን መጽሐፏን ዘጋኋት። መንገዱ አያስነብብም። የዋግ ተራራ ደግሞ ራሱ ተነባቢ ነው፤ ተገምሶ የቆመ ገደል፣ ወደ ተከዜ የሚወርድ ደረቅ ሸለቆ፣ ድንጋይ ተለቅሞለት እርከን የተሠራለት ቁራጭ ማሳ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። የሰቆጣ ስም በ1977ቱ ረኃብ ከኮረም ጋር አብሮ ሲነሣ የኖረ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን አወጀ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨር እንዲቀር። መቀንጨር ማለት ልጁ ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ሳይበላ ቀርቶ ቁመቱ ከዕድሜው ሲያንስ ነው፤ ከቁመቱ ጋር አእምሮውም ይጎዳል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38ቱ መቀንጨራቸውን፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 መድረሳቸውን አሳይቷል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ካየሁት ቃል ኪዳኑ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ባይፈጸም «አልተፈጸመም» ማለት ይቻላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቃል ኪዳኑ ወደ ታች ሲወርድ ነው። እኔም እዚያ የተገኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ድርጅት ስለ ሕፃናት አመጋገብ ያሳተመውን ፖስተር አማርኛ ያረምኩት እኔ ነበርኩ። «ቦታው ላይ እንዴት እየሠራ እንደሆነ እይልን» ተባልኩ።

ፖስተሩ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ጉድጓድ አየን። አንደኛው የሚያብረቀርቅ ሣጥን ያለው፣ ክዳኑ ግጥም ተደርጎ የታሸገ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ውኃ እንዲወርድ የተሠራ ነው። ውኃ የለውም። ሁለተኛው ከእሱ ወረድ ብሎ ያለ ተራ የእጅ ፓምፕ ነው። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ የፓምፑን ራስ ከፍተው የሆነ ነገር ይቀይራሉ። አንድ ጠና ያሉ የውኃ ኮሚቴ አባል አጠገቤ ቆመው ነበር።

«አባቴ፣ ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው ሣጥኑን እያሳየሁ።

«ይሄማ ጌታ ነው። ዶክተሩ ካልመጣ አይነካም።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው የእኛው ነው። ሲታመም እናክመዋለን።»

ያኛው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማላዊና በኬንያ ተሞክሮ የተሠራ ሲሆን መነሻ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው። ስለዚህ ብሎኖቹ በአንድ መፍቻ እንዲፈቱ ተደረገ። የጎማ ቀለበቱን ለመቀየር ወደ ጉድጓዱ የወረደውን ቧንቧ ሁሉ መንቀል አያስፈልግም፤ ዘንጎቹን ብቻ መሳብ ይበቃል። ንድፉም የማንም የግል ንብረት እንዳይሆን ተለቀቀ፤ የፈለገ ያመርተዋል። ጥልቀቱ 45 ሜትር ገደማ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል፤ ሁሉን አደርጋለሁ አይልም።

እዚህ ላይ ከማይዳ ጋር ተለያየን። ማይዳ በመጀመሪያው ሕጉ ላይ ከሚመክራቸው ብልሃቶች አንዱ መደበቅ ነው፤ ውስብስቡን ነገር ከክዳኑ ሥር አድርገህ ለተጠቃሚው ጥቂት ቁልፍ ብቻ አሳየው። ለቦስተን ሰው ጥሩ ምክር ነው። ዕቃው ሲበላሽበት ይዞት የሚሄድበት ሱቅ አለው፤ ካልሆነም ሌላ ይገዛል። የማይዳ አንባቢ ችግሩ የቁልፍ መብዛት ነው። ዋግ ላይ ግን የታሸገ ክዳን ማለት ያሸገውን ሰው መጠበቅ ማለት ነው፤ እየጠበቁ ደግሞ ወደ ወንዝ መውረድ። ሲጠቀሙበት ቀላል የሆነ ነገር ሲጠግኑት ቀላል ላይሆን ይችላል። እንግዲህ «ቀላል ነው» ለሚለን ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ለማን?» መሆን አለበት። ሁለተኛው ደግሞ «ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?»

ይህን ፍልስፍናዬን እያላመጥኩ ጤና ኬላው ደረስኩ። ፖስተሬ ግድግዳው ላይ አለ። ቀለሙ ያምራል። ከላይ በትልልቁ እንዲህ ይላል፤ «የተመጣጠነ ምግብ በመመገብ የሕፃናትን አካላዊና አእምሯዊ ዕድገት እናጎልብት!» ስምንት ቃል። ዜማውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «እናሳድግ» የሚል ነበር፤ «ዕድገት እናሳድግ» ጆሮ ይረብሻል ብዬ «እናጎልብት» አደረግሁት። ኮራ ብዬ ቆምኩ።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ፖስተሩን እያሳየች በኽምጣና አንዲት አጭር ነገር ነገረቻት። ስምንቱ ቃላቴ እንዴት እንዲህ እንዳጠሩ ገርሞኝ፣

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«ገንፎዋ ውስጥ ዕንቁላል ምቺበት ነው ያልኳት።»

እናትየዋ ጥቂት ዝም አለችና መለሰች። ባለሙያዋ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ዕንቁላሉን ሸጬ እኮ ነው ጨው የምገዛው፤ ታዲያ ቤቱ ያለ ጨው ይደር? ነው የምትለው» አለችኝ።

እኔ ምን ልመልስ? ፖስተሩን አየሁት። ፖስተሩም ምንም አልመለሰም።

ጎበዝ፣ ሰቆጣ ድረስ ሄጄ የተማርኩት ይህችን ነው። የእኔ ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ሐሳቡም ልክ ነው። ግን መልስ አይሰጠውም። ለ«እናጎልብት» ያለው መልስ ጭብጨባ ብቻ ነው። ደግሞስ የሚያጎለብተው ማን ነው? «እኛ»። እኛ ማን? ዕንቁላሉ ከማን ቤት ይመጣል? «የተመጣጠነ» የሚለው ቃል ዕንቁላሉን ሸሽጎታል፤ «እናጎልብት» የሚለው ደግሞ ከፋዩን። ባለሙያዋ ክዳኑን ከፈተችው። «ዕንቁላል ምቺበት» ስትል ግን እናትየዋ መልስ አላት፤ ዕንቁላሉ ጨው ነው። እውነተኛው ችግር ጠረጴዛ ላይ የወጣው ያኔ ነው። እሷ እኮ ዕውቀት አልጎደላትም፤ የጎደላት ሁለተኛ ዕንቁላል ነው። ቀላል ቃል መደበቂያ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል የምንፈራው።

ይሄ የእኔ ብቻ በሽታ ከሆነ ዕድለኞች ነን። የስብሰባና የሪፖርት አማርኛችንን ስሙት። «ውኃ የለም» አንልም፤ «ከውኃ አቅርቦት አኳያ ክፍተቶች ተስተውለዋል» እንላለን። «አልሠራንም» አንልም፤ «በቀጣይ በትኩረት የሚሠራበት ይሆናል» እንላለን። ተስተዋለ፣ ተደረገ፣ ይሠራል... ሠሪው የት ሄደ? አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ግሱን አስተካክሎ ከሠጣችሁት አድራጊውን ወስዶ ይደብቅላችኋል። ያ የታሸገ ሣጥንና ይህ ሪፖርት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከውጭ ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም አይከፈቱም፣ ሁለቱም ውኃ አይወጣቸውም።

እዚያው ጤና ኬላ ውስጥ ግን ሌላም ጽሑፍ ነበር። ጽሑፍ ልበለው እንጂ ጥብጣብ ነው። ባለሙያዋ የልጅቷን ግራ ክንድ በአንዲት የፕላስቲክ ጥብጣብ ጠምጥማ ለካች፤ ሦስት ቀለም አለው። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ላይ ያርፋል፤ ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ነውና ቶሎ ሕክምና ይፈልጋል። ከዚያ እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ይህንን ዓይነት ባለ ቀለም ጥብጣብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካስተዋወቁት መካከል የባግዳዱ ሐኪም አድናን ሻኪርና እንግሊዛዊው ዴቪድ ሞርሊ ይገኙበታል። ሐሳቡ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ድረስ የጤናማ ልጅ ክንድ ውፍረት ብዙ አይለዋወጥም ከሚል የመጣ ነው። ስለዚህ ሚዛን አያስፈልግም፣ የልደት ቀን መቁጠር አያስፈልግም፣ ማንበብም አያስፈልግም። እናት ራሷ ቤቷ ሆና መለካት ትችላለች።

ልብ በሉ፣ ጥብጣቡ መቀንጨርን አይለካም። የሚለካው የአሁኑን መክሳት ነው፤ ለመቀንጨር ቁመትና ዕድሜ ያስፈልጋል። አንድ ጥያቄ ብቻ መርጦ ሌላውን ትቷል። ቀላልነቱ የመጣው ከመተዉ ነው። የተወው ነገር ደግሞ ለሌላ መሣሪያ የተተወ እንጂ የተካደ አይደለም። የዚያች ልጅ ክንድ ቢጫ ላይ አረፈ። እናቷ ቀለሙን አይታ ማንም ሳይተረጉምላት ገባት። ከፖስተሬና ከጥብጣቡ የቱ የተሻለ ድርሰት እንደሆነ ለመፍረድ የሥነ ጽሑፍ መምህር መሆን አያሻም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሰውዬ የቅኔ አገር ተወልዶ ቋንቋን ወደ ጥብጣብ ሊያወርደው ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ፣ ነገርን በምሳሌ የሚል ሕዝብ፣ እንዴት ቀላል ሁን ይባላል? እኔ ግን ቅኔን የምጠራው ለራሴ ምስክርነት ነው። ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። በሁለት ስንኝ ሁለት ዓለም የሚያስገባ ባለቅኔ አንዲት ባዶ ቃል አይታገሥም። እሱ ትንሽ ቃል ላይ ብዙ ትርጉም ይጭናል፤ የእኛ ሪፖርት ብዙ ቃል ላይ ምንም አይጭንም። ከባድና የከበደ አንድ አይደሉም።

ጌጥም ቢሆን ጠላት አይደለም። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፊቱ በቅርጽ ያጌጠ ነው። ሌላ ግንበኛ ድንጋይ እየጨመረ ይሠራል፤ የዚህኛው ጠራቢ ግን እየቀነሰ ነው የሠራው። ምሰሶ አላቆመም፤ በዙሪያው የነበረውን አንሥቶ ምሰሶውን ተወው። አንዴ ከልክ በላይ የጠረበውን መልሶ አይለጥፈውም። እዚያ ፊት ቆሜ የማይዳ የመጀመሪያ ሕግ ከእሱ በመቶዎች ዓመታት ቀድሞ በመሮ ተጽፎ አየሁት። መቀነስ ማለት መተው ያለበትን ማወቅ ነው፤ ማወቅ ደግሞ ድካም ነው። ማቅለል ቀላል ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር አጠፋለሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ይህን ሳወራ አንድ ወዳጄ «የገጠሩ ሰው እንዴት ያለ ቀላል ኑሮ አለው! አንድ ጋቢ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ መደብ... እኛ በዕቃ ታነቅን» አለኝ። ደነገጥኩ። ዛሬ ዛሬ ባዶ ግድግዳ፣ የሸክላ ዕቃና ያልተቀባ እንጨት ፋሽን ሆኖ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት «ቀላል» የሚባል ካፌ ይከፈታል። ይከፈት፤ ቡፌውን ከመሸከም ይሻላል። ግን ያቺ እናት አንድ ምጣድ ያላት መርጣ አይደለም። ቡፌውን አውጥቶ የጣለ ሰው ቀላልነትን አገኘ ይባላል፤ ዕንቁላሉን ለጨው የሸጠች ሴት ግን ዕንቁላሏን ነው ያጣችው። መርጦ መተውና አጥቶ መቅረት አንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። ድህነትን «ውብ ቀላልነት» ብሎ ማድነቅ ሌላ ዓይነት «እናጎልብት» ነው፤ እዚህም ከፋዩ ተደብቋል።

ከሰቆጣ እንደተመለስኩ የእህቴ ልጅ ቡና ይዛ ጠበቀችኝ።

«እሺ ጋሼ፣ መጽሐፏ እንዴት ናት?»

«ጥሩ ናት። አንድ ሕግ ጎድሏታል።»

«የቱ?»

«የሚሰማው ሰው መልስ መስጠት ይችላል ወይ? የሚለው።»

ትንሽ አሰበችና፣ እሷም እስከዚያ ቀን ለሠራችው አርማና መጠቅለያ ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃ እንደማታውቅ ነገረችኝ። አብረን ቁጭ ብለን ፖስተሩን መልሰን ሠራነው። ሥዕሉ ላይ አንድ የገንፎ ሳህንና አንድ ዕንቁላል ብቻ ቀረ። ጽሑፉን እንዲህ አደረግሁት፤ «ልጅሽ ስድስት ወር ሲሞላት ገንፎዋ ውስጥ ዕንቁላል ምቺበት።» አማርኛውና ኽምጣናው ጎን ለጎን እንዲታተሙ ጠየቅሁ። ከሥሩ ደግሞ ለድርጅቱ ሰዎች ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የምናሳትመው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመፈጸም ከተዘጋጀን ነው፤ ሁለተኛው «ጨው የምትገዢበት ሌላ ገንዘብ ይኖርሻል» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ በብዕር ሳይሆን በዶሮ፣ በሥራና በውኃ የሚጻፍ ነው አልኩ።

ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ትሕትና የተሞላበት መልስ ነው።

«ጽሑፉ ትንሽ ቀለለብን፤ እባክዎ ክብደት ይጨምሩበት» ይላል።

አልጨመርኩም። እነሱም አላሳተሙትም። ከዚያ ወዲህ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ፤ የዋግ ሰው ከድርቁ ላይ ስደትና ረኃብ ተጨመረበት። የእናትየዋ ጥያቄ ከበደ እንጂ አልቀለለም። ቃል ኪዳኑ የቆረጠው ቀን ግን አሁንም እዚያው አለ፤ እ.ኤ.አ. 2030። ያ ቀን ሲደርስ «ከመቀንጨር አኳያ አበረታች ውጤቶች ተመዝግበዋል» የሚል ሪፖርት እንዳንሰማ እሰጋለሁ። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ ቀለል አድርጎ ይጠይቅልን።

ዕንቁላሉን ማን በላው?